መልስ፦ ኬንት ውስጥ ያየሃቸው ቆብ ያደረጉ ክብ ቤቶች

ወንድሜ፣ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ባለችው ኬንት ከባቡር መስኮት ያየሃቸው ክብ የጡብ ቤቶች ምን እንደሆኑ ጠይቀሃል፤ ቤተ ክርስቲያን አይደሉም፤ የንፋስ ወፍጮም አይደሉም። ኦስት ሃውስ ይባላሉ። ለቢራ የሚገባው ሆፕስ የተባለው የተክል አበባ የሚደርቅባቸው ምድጃዎች ነበሩ። ሆፕስ ለቢራ ልክ ጌሾ ለጠላችን እንደሆነው ነው፤ መራራነቱን የሚሰጠው እሱ ነው።

አሠራራቸው ደስ ይላል። ከታች ከሰል ይነድ ነበር። ከላይ ክፍተት ያለው የእንጨት ወለል አለ፤ በላዩ ከፈረስ ፀጉር የተሠራ ጨርቅ ይነጠፍ ነበር። እርጥቡ ሆፕስ እዚያ ላይ ተዘርግቶ ይደርቅ ነበር። ቢጫ እንዲሆንና እንዳይበላሽ እሳቱ ላይ ድኝ ይጨመር ነበር። ጣሪያው እንደ ሾጣጣ ቆብ የጠበበው እንፋሎቱን ወደ ላይ እንዲስብ ነው። ጫፉ ላይ ያለው፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነው ነጭ የእንጨት መክደኛ ደግሞ ከነፋሱ ጋር ይዞራል፤ ክፍቱ ጎን ሁልጊዜ ለነፋሱ ጀርባውን ይሰጣል። እሱ ባይኖር ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይገባ ነበር።

ክብ የሆኑት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተስፋፉ፤ ሙቀቱን እኩል ያዳርሳል ተብሎ ታምኖ ነበር። ኋላ ላይ አራት ማዕዘኑም ያው ሥራ እንደሚሠራ ሲታይ፣ ለግንባታም ስለሚቀል ወደዚያ ተመለሱ።

በመስከረም የምሥራቅ ለንደን ድሆች ከነቤተሰባቸው ለሆፕስ ለቀማ ይጎርፉ ነበር። የመልቀሚያ ማሽን መጣ፣ የሆፕስ እርሻውም ቀነሰ፤ ምድጃዎቹ መኖሪያ ቤት ሆኑ። ቆንጆ ናቸው፣ ግን ቁምሳጥን ክብ ግድግዳ ላይ ማስጠጋት አበሳ ነው! ብዙዎቹ በቅርስነት ስለተመዘገቡ ያለ ፈቃድ መነካካት አይቻልም።