አፕ ከመጫንሽ በፊት የታብሌቱን ካሜራ ክፈቺው

የኮምቦልቻዋ እህታችን ትናንት ማታ ጥያቄ ጥላልን ነበር። ልጇ ሦስተኛ ክፍል ነው። በቃል ሲጠየቅ ሁሉንም ይመልሳል፣ መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ላብ በላብ ይሆናል። አክስቱ ከጅዳ ታብሌት ልካለታለች። «የትኛውን አፕ ልጫንለት?» ነው ያለችው።

አብሽሪ እህቴ። ደሴ ውስጥ የልዩ ፍላጎት መምህር ሆኜ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንደ ልጅሽ ያሉ በየዓመቱ ይመጡልኛል፤ ብዙዎቹ «ሰነፍ» የሚል ስም ተለጥፎባቸው ነው የሚመጡት። ዲስሌክሲያ (ልጁ ብልህ ሆኖ ሳለ ንባብ ብቻ የሚከብድበት ችግር) ነው አይደለም ብዬ በጽሑፍ አልፈርድም። ግን ሱቅ ተልኮ መልሱን ቆጥሮ የሚመጣ ልጅ ፊደል ላይ ሲቆም የአእምሮ ማነስ አይደለም። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ከዚያ ጎን ለጎን ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪው። የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ መውጣት ካልከበደሽ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። አንድ ዓመት ሙሉ በአፕ ስንታገል የከረምንላት ልጅ ለካ ሰሌዳው አይታያትም ነበር።

አሁን ወደ ታብሌቱ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለክፍላችን ሁለት ታብሌት ተሰጠን። እኔም እንዳንቺ አፕ ፍለጋ ገባሁ። ለአንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ የፊደል ጌም ጫንኩለት። ድምፅ ይሰማል፣ ከአራት ፊደል አንዱን ይነካል፣ ካገኘው ኮከብ ይበተናል። በሦስት ሳምንት ግማሹን ጨረሰው። ለእናቱ ደውዬ አበሰርኳት። በማግስቱ በጠመኔ «ቡ» ብዬ ጻፍኩና «ይሄ ማነው?» አልኩት። ዝም። «ሎ»ስ? ዝም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሲጫወት ጣቱን አየሁት። ድምፁን አይጠብቅም። አራቱንም በተርታ ይጠቀጥቃቸዋል፣ አንዱ ኮከብ ያመጣል፣ ያልፋል። ቢሳሳት የሚቀነስበት ነገር የለም። ጌሙን አሳምሮ ችሎታል፤ ፊደሉን ግን ቀና ብሎም አላየው። ለእናቱ መልሼ ስደውል የተሰማኝን እፍረት አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ታብሌት ስይዝ የምከፍተው ካሜራውን ነው። ወረቀት ላይ «ዶሮ» ብለሽ በትልቁ ጻፊ። ቪዲዮ እየቀዳሽ ጣትሽን ከ«ዶ» ሥር አድርጊና «ዶ» በይ። ወደ «ሮ» ሂጂ። ከዚያ ጣትሽን ሳታነሺ ጎትተሽ «ዶሮ»። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። እሱ እያየ ይከተልሽ። ቀጥሎ ተራው የእሱ ነው፦ ራሱን ይቅዳ፣ ራሱን ይስማ። ያ ተማሪዬ «ጀበና»ን አሥራ አንድ ጊዜ ቀዳው። «ጀ-ና-በ» ብሎ ቀድቶ መልሶ ሲሰማው ሳቀና «ኧረ ይሄ እኔ አይደለሁም!» ብሎ አጠፋው። እኔ ባርመው ኖሮ አንገቱን ይደፋ ነበር።

ቃላቱን ስትመርጪ ግን ተጠንቀቂ። ብዙ ሰው የማያየው ነገር እዚህ ላይ ነው። ካዕብ (ሁለተኛው፣ እንደ «ቡ») ባብዛኛው ከጎኑ ቅጥያ አለው፤ ሣልስም (ሦስተኛው፣ እንደ «ቢ») ከእግሩ ሥር፤ ልጁ ምልክቱን ከያዘ ለብዙ ፊደል ይሠራለታል። ሳድስ (ስድስተኛው፣ እንደ «ብ») ግን እንደየፊደሉ ነው። «ል»፣ «ብ» እና «ስ» መልካቸው ምንም አይገናኝም። በዚያ ላይ አንዳንዴ አናባቢ ይኖረዋል፣ አንዳንዴ የለውም። «ልብስ» ሦስቱም ሳድስ ነው፤ ፊደል በፊደል የሚያነብ ልጅ ሦስቱንም እኩል ይጎትታቸውና ቃሉ ይጠፋበታል። ስለዚህ ሳድስ በሌላቸው ጀምሪ፦ ዶሮ፣ ቡና፣ ጫማ፣ ጀበና፣ ገበያ። እነዚህን ሲለቃቸው አንድ ሳድስ ብቻ ያለበት ጨምሪ፤ ሙዝ፣ ቤት፣ በግ። «ልብስ» ይቆይ።

የሚያነብልሽ አፕ ደግሞ ለሌላ ሥራ ነው። የማይክሮሶፍት ኤጅ ብሮውዘር ጽሑፍን በአማርኛ ያነባል፤ መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት ድምፆች አሉት። ኢንተርኔት ይፈልጋል። የሳይንስ ማስታወሻውን ብትጽፊለት ሰምቶ ያጠናል፤ ንባብ ስላልቻለ ብቻ ከሌላው ትምህርት ለምን ይቅር? ግን ፊደል ለማስቆጠር አትጠቀሚበት። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም። «ገና አልበላም» እና «የገና በዓል» አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ ማሽኑ ይገምታል፣ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። መጻፍ ለሚያቅተው ደግሞ የጉግል ኪቦርድ ላይ ማይክሮፎኗን መንካት ነው። ከ2017 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ አማርኛ ይሰማል። የእኛን የወሎ ለዛ አንዳንዴ ይስተዋል እንጂ ደህና ነው።

ጌም ካልቀረ «ፊድ ዘ ሞንስተር»ን ሞክሪ። መጀመሪያ ለሶርያ ልጆች በዐረብኛ የተሠራ ነው፤ አሁን በአማርኛም አለ። አንዴ ከወረደ ያለ ዳታ ይሠራል። አጠገቡ ሆነሽ፣ ጣቱን እያየሽ።

«ታብሌቱን ስጪው፣ ራሱ ይማራል» የሚሉሽ አይጠፉም። በ2012 በፈረንጆቹ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ አስተማሪ ሳይኖር ለልጆች ታብሌት ተሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ከፈቱት፤ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር አስነሱት ተባለ። ጎበዞች ናቸው። ግን መክፈትና ማንበብ ለየቅል ነው፤ ያንቺም ልጅ መክፈቱ አያቅተውም፣ ቲክቶክን ካንቺ ቀድሞ ያገኘዋል። ለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ስክሪኑን አንድ አፕ ላይ ቆልፊው፤ አንድሮይድ ላይ «ፒን» ይለዋል። ዳታውን አጥፊ። አሥር ደቂቃ፣ ከእራት በፊት፣ ሳይደክመው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ቀን ቻርጅ ይደረግ። እሱ እየተማረ ታናሹ ልይ ብሎ ከተጣላ ለሱም የራሱን አምስት ደቂቃ ስጪው፤ ካልሆነ ታብሌቱ ለሕመምተኛ የተገዛ ይመስለዋል።

ለክፍል አስተማሪውም ንገሪው። ጮክ ብሎ እንዲያነብ ሰው ፊት አያቁመው፣ ፈተና ላይ ጥያቄውን ያንብብለት። እምቢ ካለሽ ዳይሬክተሯ ጋ ሂጂ እንጂ ተይ አትበይ።

ነገ ማታ ዶሮ፣ ቡና፣ ጫማን ቅጂና ሞክሪው። የት ላይ እንደቆመ ጻፊልኝ። ሁለቱን ፊደል ለየብቻ እያወቀ መግጠም ካቃተው አንድ ነገር ነው፤ «ቡ»ን ከ«በ» መለየት ካቃተው ሌላ። እሱን ሳላውቅ ቀጥሎ ምን እንደምታደርጊ ልነግርሽ አልችልም።