ልጅሽ የህይወት ታሪክ ሲነበብለት ከሰለቸው

እህቴ የ5 አመት ልጄ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሳነብለት ሁለት ገጽ ሳንሄድ ተነስቶ ይሮጣል፣ ለእድሜው ገና ነው ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ገና አይደለም። እኔም ከልጄ ጋር አይቼዋለሁ። 5 አመት ተኩል ሲሆናት የሉዊ ብሬይልን ታሪክ ጀመርን፣ መጀመሪያ ያበላሸሁት እኔው ነኝ፣ ቶሎ ቶሎ አንብቤ የአይነስውራኑን ፊደል ያወጣበት ጋ መድረስ ነበር የምፈልገው፣ እሷ ደግሞ ገና በ3 አመቱ አባቱ ቆዳ የሚሰራበት ክፍል ገብቶ በወስፌ አይኑን የወጋበት ጋ ቆማ ቀረች። አመመው? እናቱ የት ሄዳ ነው? አባቱ ተቆጣው? እኔ "ቆይ ዋናው ገና ይመጣል" እላለሁ፣ ለሷ ግን ዋናው እሱ ነበር፣ ትንሽ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ ታውቃለቻ!

የሚያስፈራውን ዝለዪው የሚሉሽ ይኖራሉ፣ እኔ አልዘለልኩም። ያኔ ኢንፌክሽን የሚያጠፋ መድሃኒት ስላልነበረ ወደ ሌላኛው አይኑም ተዛምቶ 5 አመት ገደማ ሲሆነው ጭራሽ ማየት እንዳቆመ በግልጽ ነገርኳት፣ አለቀሰች፣ አቅፌያት ቆየን፣ በማግስቱ መጽሐፉን ራሷ ይዛው መጣች።

ፊደሉ የተሰራባቸው በጣት የሚዳሰሱ ነጥቦች ጋ ስንደርስ ግን ምንም አልገባትም። ሻርል ባርቢዬ የሚባል ወታደር የነበረ ሰው ያወጣው በጣት የሚነበብ ዘዴ ለአንድ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ነበረው፣ ሉዊ በፈረንጆቹ 1824 ገና በ15 አመቱ ወደ 6 አወረደው፣ ይሄ ለልጅ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ወፈር ያለ ወረቀት ከጀርባው በእስክሪብቶ ጫን ጫን እያረግን ሁለቱንም ሰራን፣ አይኗን ጨፍና ስትዳስሰው 12ቱ ከጣቷ ጫፍ ይተርፋል 6ቱ ግን ልክ ይገባል። ከዛ እስክሪብቶውን አየት አረገችና "ይሄ እንደ ወስፌው ነው እኮ" አለችኝ። እውነትም ነጥቡ የሚወጋው በሹል ነገር ነው፣ እኔ ስንቴ አንብቤው አላሰብኩትም።

አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ስትጨርሺ "እሺ ምን ተማርክ?" አትበዪው። እኔ በየማታው እጠይቅ ነበር፣ ፈተና መስሏት ዝም ትላለች። ስተወው ነው እሷ መጠየቅ የጀመረችው።

10 ደቂቃ ይበቃል፣ መሃል ላይም ቢሆን አቁሚ። የሞተበትን ገጽ ግን ከመኝታ በፊት ሳይሆን ቀን አንብቢለት። ሉዊ በ1852 በ43 አመቱ ሞቶ፣ የተማረበት የፓሪሱ የአይነስውራን ትምህርት ቤት ፊደሉን በይፋ የተቀበለው ከ2 አመት በኋላ ነው፣ ልጄ "እሱ ሳያውቅ?" ብላ በጣም ተናደደች፣ ያን ቀን ሌላ ወሬም አልነበረን።