በየቀኑ ፊታችሁን ለምታነሱ ወጣቶች

"ጋሼ፣ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ የራሴን ፎቶ ላነሳ አስቤያለሁ። እያንዳንዱ ፎቶ በዚያ ቀን በታሪክ የሆነውን የሚያስታውስ ይሆናል። ከንቱ ልፋት ነው ይላሉ?" ብላ የጠየቀችኝ ካሜራ ከያዘች ብዙ ያልቆየች ወጣት ናት። "አይደለም፣ ጀምሪ" አልኳት። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም። አንድ ሰው አስታወሰኝ። ስለ እሳቸው ሳልናገር ምክር መስጠት አልችልም።

ሥራ የጀመርኩት በ1960ዎቹ መጀመሪያ አራት ኪሎ አካባቢ በነበረ ፎቶ ቤት ነው። አንድ ጥቅል ፊልም 12 ፎቶ ብቻ ይይዝ ነበር። ስለዚህ በከንቱ አንድም አይነሳም። ባለቤቱ ያነሳሉ፣ እኔ መብራት እይዛለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሪታች እሠራለሁ። ሪታች ማለት ጫፉ በደንብ በተቀረጸ እርሳስ ነጋቲቩ (ፎቶው የሚታተምበት ፊልም) ላይ እየነካኩ ጠባሳና የፊት መጨማደድ ማጥፋት ነው። ያኔ ማንም ሰው ፎቶው ላይ ሽብሽብ አይኖረውም። የቤቱ ደንብ ነበር፣ ደንበኛውም ይወደዋል።

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ጠዋት የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ። አርበኛ ናቸው። ካኪ ኮት ለብሰው፣ ሜዳያቸውን ደርድረው፣ ከድል ሐውልቱ ሥነ ሥርዓት በእግራቸው ይመጣሉ። ወንበር ስናቀርብ አይቀመጡም። ከተሳለው መጋረጃ ፊትም አይቆሙም። ባዶው ግድግዳ ጋ ሄደው ቀጥ ይላሉ። አይስቁም። አንድ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከፍለው ይሄዳሉ፣ በሳምንቱ መጥተው ይወስዳሉ።

መጀመሪያ ያየኋቸው ዓመት እንደ ልማዴ ፊታቸውን አለሰለስኩት። ሊወስዱ ሲመጡ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት። "ይሄ ወንድሜ ነው?" አሉ። ባለቤቱ ግራ ገባቸው። "የራሴን ፊት ስጡኝ" ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲህ የእሳቸው ነጋቲቭ እርሳስ አልነካውም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሚያዝያ 27 ንጉሡ ከስደት ተመልሰው በ1933 አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው። ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዞረው፤ በዚያው ዓመት ከተማዋ ከጣልያን እጅ ወደወጣችበት ቀን። በዓሉ ሲዞር እሳቸውም ቀናቸውን ይለውጣሉ ብዬ ነበር። መጋቢት 28 አልመጡም። ሚያዝያ 27 መጡ። ሰልፍ የለም፣ አበባ የለም፣ ሥራ ቀን ነው። ከላይ ጋቢ ደርበዋል። ሜዳዩን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። ውስጥ ገብተው ጋቢውን አወለቁና አንድ በአንድ ደረታቸው ላይ ሰኩት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ባለቤቱ አገዟቸው።

"አባባ፣ በዓሉ እኮ ባለፈው ወር ተከበረ" አሏቸው ባለቤቱ።

"እኔ ለበዓሉ መጥቼ አላውቅም። ጣልያን የገባውም በዚህ ቀን ነው" አሉ።

እውነታቸውን ነው። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሡ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት ተመለሱ። እኛ የኋለኛውን እናከብራለን፣ እሳቸው የፊተኛውን ይዘው ይመጡ ነበር። ንጉሡ ሚያዝያ 24 ከወጡ በኋላ ጦሩ እስኪገባ ድረስ ከተማዋ ስትዘረፍና ስትቃጠል ነው የሰነበተችው። አርበኛው ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ። በእነዚያ ቀናት ማንን አጡ? ምን አዩ? በዚህ ቀን ለምን ፊታቸውን ብቻ አስነስተው ይሄዳሉ? መብራቱን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። መጠየቅ ፈለግሁ፣ ትልቅ ሰው መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሚያዝያ 27 ደረሰ፣ እሳቸው አልመጡም።

ፎቶ ቤቱም ኋላ ተዘጋ። ነጋቲቮቹ በጆንያ ተጭነው ወጡ፣ የት እንደተጣሉ የሚያውቅ የለም። የእኚያ ሰው ፊት፣ ያው ግድግዳ፣ ያው አቋቋም፣ በየዓመቱ ትንሽ እየከሳና እየሸበተ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበር። የወሰዷቸው ፎቶዎች በአንድ ቤት አልበም ውስጥ ይኖሩ ይሆናል። በእነዚያ ፊቶች ላይ ዛሬም ይቆጨኛል።

ልጅቷ ስትጠይቀኝ ወዲያው የመጡብኝ እሳቸው ናቸው። እሷ ልትጀምረው ያሰበችውን እሳቸው በዓመት አንድ ቀን ሲሠሩት ኖረዋል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ አልነግራችሁም፣ ስልካችሁ ላይ ከእኔ የተሻለ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ የምለው ስለ ዘመን አቆጣጠር ነው። "ዛሬ በታሪክ" የሚሉት ዝርዝሮች በአብዛኛው በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠሩ ናቸው። ዓድዋን ውሰዱ። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። በእነሱ አቆጣጠር ያ ቀን ማርች 1 ነበር። አውሮፓውያን በራሳቸው 1900 ጳጉሜ 6ን የሚመስለውን ትርፍ ቀናቸውን ስለዘለሉት፣ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ሁለቱን ካቀላቀላችሁ አባቶቻችሁ ሳይዋጉ ድሉን ታከብራላችሁ። አንዱን ምረጡና ዓመቱን ሙሉ በእሱ ሂዱ። እኔን ከጠየቃችሁ በእኛው።

ሁለተኛ፣ ልብስ አትከራዩ። ለዓድዋ ጎፈርና ጋሻ፣ ለሌላው ቀን ሌላ ልብስ፤ ይሄ የዛሬ ልጆች ልማድ ደስ አይለኝም። ልብሱ ይታያል፣ ሰውየው ይጠፋል። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ሳሙኤል ፎሶ ትዝ አለኝ። ካሜሩን ተወልዶ፣ በ13 ዓመቱ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ ባንጊ ከተማ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ከደንበኛ በተረፈው ፊልም ራሱን እያነሳ ለአያቱ ይልክ ነበር። በ2008 በአውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ ማንዴላን፣ ሉሙምባን፣ ማርቲን ሉተር ኪንግንና የኛን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሆኖ ራሱን አነሳ። ልብስ ነው፣ ግን ዓይኑ ውስጥ ሰውየው አለ። እንደሱ ማጥናት ከቻላችሁ ልበሱ። ካልቻላችሁ በየቀን ልብሳችሁ ቁሙ። የፎሶ ቤት በዚያው አቆጣጠር በ2014 ባንጊ ስትታመስ ተዘርፎ፣ ነጋቲቮቹ ውጭ ተበትነው ጋዜጠኞች ናቸው ያተረፉለት። ይህን ስሰማ ያ ጆንያ ትዝ አለኝ።

ስለዚህ እባካችሁ እጠቡ፣ አሳትሙ። በቀን መቶ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ በእጅ የሚያዝ አንድም የላችሁም። ስልኩ ሲጠፋ ዓመቱ አብሮ ይጠፋል። ኒው ዮርክ ውስጥ ጄሚ ሊቪንግስተን የሚባል ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ በ1997 እስከሞተበት ቀን ድረስ በየቀኑ አንድ ፖላሮይድ፣ ያው ወዲያው ወረቀት ላይ የሚወጣውን ፎቶ፣ አነሳ። ወረቀት ስለሆነ ጓደኞቹ ሰብስበው ለሰው አሳዩለት። እናንተም ባሳተማችሁት ፎቶ ጀርባ ላይ ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ ጻፉ። ፊልተር አትጠቀሙ። ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ከባድ ቀናት ይመጣሉ። የካቲት 12 ምን ታደርጋላችሁ? በ1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ሕዝቡ ለሦስት ቀን ታረደ። ያን ቀን ቀይ ቀለም ተቀብቶ ፎቶ መነሳት አያስፈልግም። ስድስት ኪሎ ሄዳችሁ ሐውልቱን እያያችሁ በጀርባችሁ ተነሱ። ፊት ሳይታይም የራስ ፎቶ ይሆናል።

ልጆቹ ታሪክ አያውቁም የሚሉ አሉ። እኔም እንዲሁ እል ነበር፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የምትጠይቅ ልጅ እያየሁ ግን እንዴት ልበል? የሚጎድላችሁ መጠየቅ ነው። ምንም ያልተመዘገበበት ቀን ሲገጥማችሁ ጎረቤት ያሉትን አዛውንት "በዚህ ቀን እርስዎ ምን ሆነው ነበር?" በሏቸው። የነገሯችሁን አስባችሁ ተነሱ። ነውር አይደለም። ይናገራሉ፣ ቡናም ያፈሉላችኋል።

ለልጅቷ አንድ ነገር ልጨምር። መስከረም 1 ብትጀምሪ ጥሩ ነው። የመጨረሻ ፎቶሽ ጳጉሜ 5 ላይ ይውላል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ያን ቀን ጫማሽን አውልቂ። ጳጉሜ 6 በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ቀጣዩ በ2019 ነው። እስከዚያ ከቀጠልሽበት ለዚያ ቀን የሚሆን ሰው ከአሁኑ ፈልጊ።