ስለ መውለድ ፊልም ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ፣ ማርያም በሰላም ትገላግልሽ። «የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ፣ እናቴ ቪዛ ተከለከለች፣ እዚህ አሜሪካ ስለ መውለድ የማየው ፊልም ጠቁሙኝ» ያልሽውን ሳነብ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሜሪላንድ ውስጥ ሆዴን ታቅፌ የተቀመጥኩበት ሶፋ ትዝ አለኝ። ከእኔ በፊት ከመለሱልሽ መካከል «ፊልሙን ተዪና ጸልዪ» ያሉሽም አሉ። ሁለቱም ይቻላል።

ሁሉም የሚጠቁምሽ በ2008 የወጣውን «ዘ ቢዝነስ ኦፍ ቢይንግ ቦርን» የሚባለውን ዘጋቢ ፊልም ነው። ያሠራችው ሪኪ ሌክ የምትባለዋ ተዋናይት ስትሆን እሷ ራሷ ቤቷ ገንዳ ውስጥ ስትወልድ ያሳያል። ሐሳቡ ባጭሩ ሐኪም ቤት ይቸኩላል ነው፤ ምጥ ማፋጠኛ ይሰጡሻል፣ ሕመሙ ሲብስ የወገብ ማደንዘዣ፣ ምጡ ሲዘገይ እንደገና ማፋጠኛ፣ መጨረሻው ኦፕራሲዮን። እኔ ያየሁት ከወለድኩ በኋላ ነው፤ የእኔን ፋይል አንብበው የሠሩት መሰለኝ። እዚህ አገር ከሦስት ወላድ አንዷ ገደማ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ የሚያስኬድ ምክንያት የለም ብሎ ነበር።

ፊልሙን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ግን «ሐኪም ቤት ደጇ እያለ ቤቷ ትወልዳለች? ምን ጎደለባት?» አለች። የእሷ ታናሽ እህት ሁለት ቀን አምጣ በቃሬዛ ነው ጤና ጣቢያ የደረሰችው፤ ልጁ አልተረፈም። ስለዚህ ከዚያኛው ጎን የማስቀምጠው በ2007 የወጣውን «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል»ን ነው። ምጥ ጠንቶባቸው ፌስቱላ የያዛቸው፣ ሽንታቸው አልቆም ብሎ ከሰው የተገለሉ ያገራችን ሴቶች፣ ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1974 ወዳቋቋሙት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሐኪም ቤት ሲጓዙ ያሳያል። የአንዱ ፊልም ሴቶች ሐኪም ቤት የበዛባቸው፣ የሌላው ሐኪም ቤት የራቃቸው ናቸው፤ አንቺና እኔ እናቶቻችን አንዱን ዓለም እያወሩን በሌላው የምንወልድ ነን። ግን እርጉዝ ሆነሽ ይህን የፌስቱላውን እንዳታዪ፣ እለምንሻለሁ። የመጀመሪያውም ቢሆን አያስፈራሽ፤ አዘጋጇ አቢ ኤፕስታይን ራሷ ቤቴ እወልዳለሁ ብላ፣ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ መጥቶ፣ ልጁም ተገልብጦ፣ በኦፕራሲዮን ስትገላገል አልደበቁም። እዚያ ላይ አከበርኳቸው።

ዛሬ ማታ የምታዪው «ዘ ኔምሴክ»ን ነው፤ የሚራ ናይር ሥራ ነው፣ 2006። ታቡ የምትጫወታት የቤንጋል ሙሽራ ኒውዮርክ ገብታ፣ ዘመድ የሌለበት ከተማ ውስጥ ትወልዳለች። ስም የሚያወጡት አያት ናቸውና እንጠብቅ ሲሉ ሐኪም ቤቱ ለልደት ወረቀቱ ስም አምጡ ይላል፤ ልጁም አባቱ በሚወደው ሩሲያዊ ደራሲ ስም ጎጎል ተብሎ ይቀራል። እኔም ጋ በሁለተኛው ቀን ቅጹን ይዘው መጡ፤ አማቴ ስሙን ገና እያሰቡበት ነበር። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ የባሌን አባት ስም ሞላን። ልጄ ዛሬ ትምህርት ቤት በአያቱ ስም ይጠራል፣ አባቱ በመሃል ተዘሏል። እናንተ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ፊልም የማይነግርሽን ልጨምር። ነርሷ «ሕመምሽ ከ1 እስከ 10 ስንት ነው?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኳት። 3 ብላ ጻፈች። አስተርጓሚዬ ባሌ ነበር። ሐኪሟ ብዙ ተናገረች፤ እሱ «አይዞሽ፣ ትንሽ ሊያግዙሽ ነው» አለኝ። «ትንሽ ሊያግዙሽ ነው» ያለው ኦፕራሲዮን መሆኑ የገባኝ አልጋውን በኮሪደሩ መግፋት ሲጀምሩ ነው። አሁንም ስናነሳው ይስቃል፤ እኔ አልሳቅሁም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በስልክም ቢሆን። ከአሁኑ ክትትልሽ ላይ «አማርኛ» ብለሽ አስመዝግቢ። ዱላ የሚባሉም አሉ። ስሙ አያስደንግጥሽ፣ አትመታሽም፤ በምጥ ሰዓት አጠገብሽ ሆና ወገብሽን የምታሽልሽ፣ ያልገባሽን እንድትጠይቂ የምታስታውስሽ ሴት ናት። ለሁለተኛዋ ልጄ ያገር ልጅ የሆነች ዱላ አግኝቼ ነበር። ልጄን ያኔም በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት፤ ግን ጠይቄ፣ ገብቶኝ፣ በእጄ ፈርሜ ነው የገባሁት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ገና ከመውለድሽ በረዶ የሞላበት ውኃ ያመጡልሻል። አራስ ላይ በረዶ! እናቴ በቪዲዮ አይታ ጮኸች። አጥሚትሽን በፔርሙዝ ይዘሽ ግቢ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሆንሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ የእኔ ፔርሙዝ እስከ ማግስቱ ያሞቃል።