ኦክሲቶሲን ሙቀት ላይ ለጠፋባት እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን እንደተረዳሁት እናት ስትወልድ ብዙ ደም እንዳይፈሳት የሚሰጠውን ኦክሲቶሲን በፎስፌት በፈር (ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ እንዳይዋዥቅ በሚይዝ ፈሳሽ)፣ ፒኤች 7.4 ላይ አሟሟሽ። 40 ዲግሪ ላይ አስቀመጥሽው። በአራተኛው ሳምንት ስትለኪው ብዙው ጠፍቷል። አሁን "ማኒቶል ልጨምር ወይስ ፖሊሶርቤት?" ነው የምትይው (ማኒቶል ስኳር መሰል፣ ፖሊሶርቤት ሳሙና መሰል ነገር ነው)። በፔፕታይድ (ከአጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት በተሠሩ መድኃኒቶች) መርፌዎች ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ለጊዜው ምንም አትጨምሪ። መጀመሪያ ፒኤቹን አውርጂው፤ ማለትም ፈሳሹን ትንሽ አሲድ አድርጊው።

7.4 የደም ፒኤች ስለሆነ የሁላችንም እጅ ወደዚያ ይሄዳል። ለኦክሲቶሲን ግን አይስማማውም። ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ሞለኪውል ነው። አንደኛውና ስድስተኛው ሲስቴይን በሰልፈር ድልድይ ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። ፒኤቹ ከፍ ሲል ያ ድልድይ ይላላል፤ አንዱ ሞለኪውል ከሌላው ጋር ይያያዛል። በጣም አሲድ ካደረግሽው ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ አራተኛው ግሉታሚን፣ አምስተኛው አስፓራጂንና ጫፉ ላይ ያለው ግላይሲን የአማይድ ክፍላቸውን ያጣሉ። ከሁለቱም የሚተርፈው 4.5 አካባቢ ነው።

እዚያ ላይ ደግሞ ፎስፌት ፒኤች አይዝልሽም። ሲትሬት ወይም አሲቴት ያስፈልግሻል። የትኛውን እንደምትመርጪ በደንብ አስቢበት። ሲትሬት ውስጥ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም ወይም ዚንክ ሲገባ ኦክሲቶሲን ሙቀቱን በጣም ይቋቋማል። ያንኑ አሲቴት ውስጥ ብትጨምሪ ግን ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። "ዚንክ ሞክሬ አልሠራልኝም" የሚል ሰው ካጋጠመሽ በፈሩ ምን እንደነበር ጠይቂው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ሌላ ፔፕታይድ ይዤ ሁለት ወር ሙሉ ፒኤች ስቀያይር ከረምኩ። ድብልቁን ለያይቶ በሚለካው መሣሪያ፣ በኤችፒኤልሲው ላይ፣ የመድኃኒቱን መጠን የሚያሳየው ዋናው ፒክ (ጉብታ) ያንሳል፤ አዲስ ፒክ ግን አይወጣም። ቢሰባበር ኖሮ ስብርባሪው የሆነ ቦታ መታየት ነበረበት። ለካ መድኃኒቱ አልተበላሸም፤ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው የቀረው! ሁለቱ ወር እስካሁን ይቆጨኛል። ያንቺም መድኃኒት መጠኑ ትንሽ ነው። በሚሊ ሊትር 10 ዩኒት ማለት 17 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ጥቂት እንኳ ቢለጠፍ ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ልክ እንዳሟሟሽው ለኪ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ድገሚ። አንዱን በመስታወት፣ ሌላውን በፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ አስቀምጪ። ልዩነት ካየሽ፣ መለጠፉን የሚቀንሰው ፖሊሶርቤት ያኔ ይጠቅማል። እሱንም ከአዲስ ጠርሙስ ቅጂ። ተከፍቶ የከረመ ፖሊሶርቤት ፐርኦክሳይድ ያጠራቅማል፤ ፔፕታይዱን ራሱን ያኦክሳይደዋል።

ሌሎቻችሁ ይህን አንብባችሁ 4.5ን ለሁሉም እንዳትወስዱት አደራ። የኢንሱሊን ጠላት ሌላ ነው። ሲሞቅና ሲናጥ፣ ከአየር ጋር ሲገናኝ ሞለኪውሎቹ ተያይዘው ክር ይሠራሉ። እዚያ ዚንክና ፌኖል ሞለኪውሎቹን ስድስት ስድስት አድርገው አቅፈው ይይዟቸዋል። የደም ስኳር የሚያሳድገው ግሉካጎን ደግሞ ውሃ ውስጥ ጨርሶ አልረጋ ብሎ ስላስቸገረ፣ በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው አንዱ ዝግጁ መርፌ ውሃውን ትቶ በዲኤምኤስኦ፣ ውሃ ባልሆነ ማሟሟያ፣ የተሟሟ ነው።

ወዳንቺ ልመለስ። ይህን ሥራ እንዳትተዪው ከልቤ ነው የምለው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ ይባላል፤ መብራት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ግን ፍሪጁ ለብ ይላል፣ የምትወልደዋ እናት ደግሞ መብራት እስኪመጣ አትጠብቅም። ሌላው መንገድ ሞለኪውሉን ራሱን መለወጥ ነው። የኦክሲቶሲን ዘመድ በሆነው ካርቤቶሲን ላይ ከድልድዩ ሁለት ሰልፈሮች አንዱ በካርቦን ተተክቷል። ሙቀት የሚቋቋመው ዓይነት 30 ዲግሪ ላይ ሦስት ዓመት ይቆያል። በ2018 ውጤቱ የወጣው፣ በአስር አገሮች ወደ 30,000 የሚጠጉ እናቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም መፍሰስን ወይም ተጨማሪ መድኃኒት ማስፈለግን በመከላከል ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ አሳይቷል። ያም ሆኖ ኦክሲቶሲን በየቦታው ያለ መድኃኒት ነውና እሱን ማጠንከሩ ዛሬም ይጠቅማል።

እስቲ የመጀመሪያውን ቀንና የአራተኛውን ሳምንት ክሮማቶግራም (የኤችፒኤልሲውን ግራፍ) ጎን ለጎን ለጥፊልን። አዲስ ፒክ ካለ ከዋናው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚወጣው? በሪቨርስ ፌዝ ኮለም (ውሃ የሚሸሹትን ይዞ በሚያዘገየው የኤችፒኤልሲ ቱቦ) ላይ እርስ በርስ የተጣመሩት ሞለኪውሎች ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው የሚወጡት።