ነጭ ሽንኩርት ራጅ ይነሳል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። «ነጭ ሽንኩርቴን ዋጋ እስኪጨምር ላቆየው ስል ይጎነቁልብኛል። ውጭ ያለው ልጄ ‹እዚህ በጨረር መትተው እንዳይጎነቁል ያደርጉታል› አለኝ። ጎንደር ሆስፒታል ወስጄ ራጅ ባስነሳውስ? የበላውስ ሰው አይታመምም?»

አባቴ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። ነጭ ሽንኩርትም ድንችም በጋማ ጨረር ይመታል። ጨረሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ኮባልት 60 ከሚባል ብረት ነው። ገና ያልወጣውን ቡቃያ ስለሚጎዳው ማደግ ያቆማል። በእኛም አገር፣ ቃሊቲ ላይ፣ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈውን ዝንብ ወንዱን በዚሁ ጨረር ያመክኑታል።

የሆስፒታሉ ራጅ ግን አይሆንዎትም። የተመታው ነገር የሚደርሰው የጨረር መጠን የሚለካው ግሬይ በሚባል መለኪያ ነው፤ ለነጭ ሽንኩርት ቢያንስ 50 ግሬይ ገደማ ያስፈልጋል። አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው የአንድ ግሬይ 10 ሺህኛ ገደማ ነው። ሒሳቡን ሲመቱት አንዱን ጉንጉን 500 ሺህ ጊዜ ራጅ ማስነሳት ማለት ነው። ወረፋውን ማን ይችለዋል!

የበላው ሰው አይታመምም። ኩራዝ ሲጠፋ ብርሃኑ ቤት ውስጥ አይቀርም፤ ጨረሩም ሽንኩርቱ ውስጥ አይቀርም። ለዘር ግን አይሆንም፤ አይበቅልማ።

ጨረር ሲባል ደግሞ ብዙ አይደንግጡ። አፈሩና ድንጋዩ ውስጥ ጨረር የሚያወጡ ዩራኒየምና ቶሪየም አሉ። ጨረር ከሕዋም ይመጣል፤ ደጋ ላይ ስላሉ መተማ ካለው ሰው ትንሽ በለጥ ያለ ይደርስዎታል። ሽንኩርትዎም ቢሆን ማንም ሳይመታው በፖታሲየሙ የተነሳ ቅንጣት ታህል አለው።

ወደ ችግርዎ ልመለስ። እኔ የምጠረጥረው ብርዱን ነው። ነጭ ሽንኩርት 10 ዲግሪ አካባቢ ሲቀመጥ ቶሎ ይነቃል። ሞቅ ያለና ደረቅ ቦታ ላይ ግን ተኝቶ ይቆያል። የወገራን ሌሊት ደግሞ ለእርስዎ አልነግርዎትም። እናቶቻችን ጉንጉኑን ማድ ቤት፣ ከምድጃው ራቅ አድርገው ከፍ ብሎ የሚሰቅሉት ዝም ብለው አይደለም። እርስዎም እንዲያ ያድርጉ። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቀው መሬት ላይ አያስቀምጡት።

ከመንቀልዎ 2 ሳምንት በፊት ውሃውን ያቁሙ። ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ቢጫ ሲሆን ይንቀሉና ከነቅጠሉ ነፋስ ባለበት ጥላ ያድርቁት። ካከማቹ በኋላ አልፎ አልፎ አንዷን ፍሬ ለሁለት ሰንጥቀው ይዩ። መሃሏ ላይ አረንጓዴ ጫፍ ከታየዎት ዋጋ መጠበቁን ይተዉትና በዚያው ሳምንት ገበያ ያውጡት።