ውሻው ከማን ተማረ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ፒያሳ ውሾች ሰው እስኪሻገር ጠብቀው አብረው ይሻገራሉ። እናታቸው አስተምራቸው ይሆን?» (ከፒያሳ)

እኔ እንደሚመስለኝ አብዛኞቹ በራሳቸው የደረሱበት ነው። የመኪና ጥሩምባ ያስደነግጣል፤ ከሰው ጋር መሻገር ግን ሰላም ነው። ይህን ለመያዝ አንድ ሁለት ድንጋጤ ይበቃል። ከሌላ ውሻ የተማረም ቢኖር፣ ያ ብቻውን ባህል አያሰኘውም።

«ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?» (ተማሪ፣ አራት ኪሎ)

ከሌላ መማር አንድ እንስሳ ላይ ያልቃል። አይቶ ይይዛል፣ ነገ ሊተወው ይችላል። የባህል ውርስ ግን መንጋው ውስጥ ሰፍኖ ጀማሪው ከሞተ በኋላም ይቀጥላል። ጃፓን፣ ኮሺማ ደሴት ላይ ኢሞ የተባለች ትንሽ ዝንጀሮ እ.ኤ.አ. በ1953 ስኳር ድንች በውሃ ማጠብ ጀመረች። እናቷና እኩዮቿ ቶሎ ተከተሏት። ትልልቆቹ ወንዶች ብዙም አልለመዱትም። ኢሞ ከሞተች ዘመን አልፏል፤ ማጠቡ ግን አልቀረም።

«ከወላጅ ከመጣማ ዘር ነው እንጂ ምን ባህል አለው?» (ከካዛንቺስ)

ደስ የሚል ሙግት ነው፤ መልሱም አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ለዱር ጦጣዎች ሮዝና ሰማያዊ ቀለም የተነከረ በቆሎ ሰጡ። ለአንዳንዱ መንጋ ሮዙን፣ ለሌላው ሰማያዊውን አመረሩት። ከወራት በኋላ ምሬቱን አስቀሩት። ጦጣዎቹ ግን ከለመዱት ቀለም አልወጡም፤ አዲስ የተወለዱትም የእናታቸውን ያዙ። ነገሩ እዚህ ቢቆም «ዘር ነው» ማለት ይቻል ነበር። ወንድ ጦጣ ግን ሲያድግ መንጋውን ጥሎ ይሄዳል። ሌላ ቀለም ወደሚበላ መንጋ የገቡት ወንዶች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ የድሮውን ትተው እንደ አዲሶቹ ጎረቤቶቻቸው መብላት ጀመሩ። ዘር ቢሆን ኖሮ መንጋ በመቀየር ብቻ አይለወጥም ነበር። በእንስሳት ባህል ላይ ከተሠሩ ሙከራዎች እኔ አንደኛ የማደርገው ይህንን ነው።

«እንስሳ ያስተምራል?» (ከለገሃር)

አዎ። በደቡባዊ አፍሪካ የካላሃሪ በረሃ የሚኖሩ ሚርካት የሚባሉ ትንንሽ አውሬዎች ለትንንሽ ልጆቻቸው የሞተ ጊንጥ፣ ከፍ ሲሉ መንደፊያው የተነቀለ፣ በመጨረሻ ሙሉውን ከነሕይወቱ ያቀርባሉ። የልጆቹን ዕድሜ የሚለዩት ምግብ ሲለምኑ በሚያሰሙት ጩኸት ነው።

«የኛ አገር እንስሳትስ?» (ከስድስት ኪሎ)

የባሌ ቀይ ቀበሮዎች የአበባ ወለላ ሲልሱ መታየታቸው እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። አንዳንዶቹ ግልገሎቻቸውን ወደ አበባው ሜዳ ይዘው ይወጣሉ። ይህ ከሌላ የመማር ጥሩ ምልክት ነው። ባህል ለማለት ግን ትውልድ እስኪፈራረቅ መከታተልን ይጠይቃል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ ቤተሰቡን እንዳለ ሊጨርስ ይችላል። ባሌ ዘመድ ያላችሁ፣ ውሾቻቸውን እንዲያስከትቡ ንገሯቸው።